ኮፈኑን ሳንከፍት አንጣለው፦ ስለ ግራፊክስ ሜሞሪ፣ ስለ ሊነክስ እና በየቤታችን ስለተቀመጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው።

በኮሎራዶ፣ በአውሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪትን የሚያውቅ ሁሉ መንገዱ የእንጀራና የክትፎ ቤት ብቻ ሳይሆን የመኪና መሸጫም እንደሆነ ያውቃል። ከወገኖቻችን መካከል ያገለገለ መኪና ሊገዛ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ኮፈኑን ሳያስከፍት፣ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ሳያዳምጥ፣ መካኒክ የሆነ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሳያማክር አንድ ዶላር አይከፍልም። ያው ሰው ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍበት ግን ምንም ሳይመረምር ፍርድ ይሰጣል፤ ወይም ሌላው የሰጠውን ፍርድ ይቀበላል። ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ አንሷል፤ ይህ ኮምፒዩተር አብቅቶለታል»። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ወደ ጋራዥ፣ ብዙ መቶ ዶላር ደግሞ ወደ መደብር ይሄዳል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ ትክክል አለመሆኑን ማሳየትና ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዴት ሊመረምረው እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ይነሳል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ የደህንነት ጥገና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ማራዘሚያም እስከ ኦክቶበር 2026 ብቻ የሚዘልቅ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በአብዛኛው ከ2017 ማብቂያ ወዲህ የወጡ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ይህም ማለት ምንም ብልሽት የሌለባቸው እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን «አሮጌ» ተባሉ ማለት ነው። በዚህ ላይ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በጣም ስለናረ አዲስ መግዛትም ሆነ ማሻሻል ከብዷል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ከዩኒክስ ቤተሰብ ወደሆነውና በነጻ ወደሚገኘው ሊነክስ ዞረዋል። ኡቡንቱን ወይም ሊነክስ ሚንትን በአንዲት ፍላሽ ይጭናሉ፤ ኮምፒዩተሩም ይነሳል። ነገር ግን አንዳንዱ ላይ መስኮቱ እየጎተተ ይከፈታል፤ ቪዲዮው ይቆራረጣል፤ ፋኑ ያጓራል። በዚህ ጊዜ ነው «ግራፊክስ ሜሞሪው አነሰ» የሚባለው። እናት የቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ስርጭት የሚከታተሉበት፣ ልጅ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ አባት የታክስ ፎርም የሚሞላበት ብቸኛ ኮምፒዩተር ከሆነ ፍርዱ ቀላል አይደለም።

የግራፊክስ ሜሞሪ የት ነው ያለው?

ለጨዋታ ተብለው በተሠሩ ውድ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ አለው። በአብዛኛዎቹ ተራ ላፕቶፖችና የቢሮ ኮምፒዩተሮች ግን የኢንቴልም ሆነ የኤኤምዲ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ ነው። የራሱ ጎተራ የለውም፤ የሚጠቀመው ከዋናው ሜሞሪ፣ ከራሙ ተካፍሎ ነው።

አካፋፈሉ በሁለት መንገድ ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት እናስብ። ባለቤቱ የሠርግና የስብሰባ እንግዶችን ለመለየት ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በጡብ ግድግዳ መክፈል ነው፤ ሠርግ ባይኖርም ያ ክፍል ባዶውን ይቀመጣል፣ ምሳ በላተኛው ደግሞ በዚህ በኩል ተጨናንቆ ይቆማል። ሁለተኛው መጋረጃ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ይገፋል፣ ሲቀንስ ይመለሳል።

ባዮስ በተባለው የኮምፒዩተሩ መነሻ ፕሮግራም ውስጥ «ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ» ወይም በኢንቴል «ዲቪኤምቲ ፕሪ-አሎኬትድ» የሚለው ቁጥር የጡብ ግድግዳው ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ያን ያህል ሜሞሪ ለግራፊክስ ይታጠራል፤ ሌላው ፕሮግራም አይነካውም። መጋረጃው ደግሞ ሊነክስ ራሱ እንደ ፍላጎቱ ከራሙ ላይ የሚሰጠው ነው፤ በኤኤምዲ ግራፊክስ ይህ «ጂቲቲ» ይባላል፣ በቅርብ ዓመታት በወጡት ከርነሎችም አብዛኛውን ጊዜ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በግድግዳው የታጠረው 64 ሜጋባይት ብቻ ቢሆን እንኳ ግራፊክሱ 64 ሜጋባይት ብቻ አለው ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ስክሪን ምን ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል? እስቲ እናስላው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ያሉ ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲይዝ ጠቅላላው ወደ 8 ሜጋባይት ነው። ፎር-ኬ የሚባለው ስክሪን እንኳ ወደ 33 ሜጋባይት ነው። እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍት መስኮትና የድረ ገጽ ብራውዘሩ የየራሳቸውን ምስል ስለሚይዙ ድምሩ ወደ መቶዎች ሜጋባይት ይወጣል። ያም ሆኖ ለዕለት ተዕለት ሥራ መጋረጃው ይበቃል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ወደ 2 ጊጋባይት ማስፋት 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒዩተር ላይ ግማሹን ቤት መዝጋት ነው፤ ፍጥነት ይጨምራል የተባለው ይበልጥ ያዘግማል።

የድሮው ምክር ለምን ይጎዳል?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሊነክስ የተጠቀመ ሰው ሌላ ዓለም ነበር የሚያውቀው። ኤክስፍሪ86፣ ከ2004 በኋላ ደግሞ ኤክስ-ኦርግ የተባለው የስክሪን ፕሮግራም በአንድ የማስተካከያ ፋይል ይመራ ነበር። በዚያ ፋይል ላይ «ቪዲዮ ራም» የሚል መስመር ተጽፎ መጠኑ በኪሎባይት ይሰጣል። ባዮስ ውስጥም የኤጂፒ አፐርቸር የሚባል ቁጥር ነበር። ያኔ እነዚህን መነካካት በእርግጥ ለውጥ ያመጣ ነበር። ከ2009 ወዲህ ግን፣ በሊነክስ ከርነል 2.6.29 በኢንቴል ተጀምሮ ወደ ሌሎቹም በተዛመተው አሠራር፣ ስክሪኑን የማስነሳቱና የግራፊክስ ሜሞሪውን የማስተዳደሩ ሥራ ወደ ከርነሉ ተዛውሯል። ዛሬ ያን የድሮ መስመር መጻፍ ወይ ምንም አይጠቅምም፤ ወይም ፋይሉ ስሕተት ካለበት ኮምፒዩተሩን በጥቁር ስክሪን ያስቀረዋል። የዛሬ 20 ዓመት ፈውስ የነበረው መድኃኒት ዛሬ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል።

ምርመራው፦ አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል

ትእዛዞቹ የሚጻፉት በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ በስልክ እንደምንነጋገረው ፊደሎቹን በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ተርሚናል የተባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ መጻፍ ነው። ጥያቄ ብቻ ስለሆኑ ምንም አያበላሹም።

አንደኛ፦ ስክሪኑን የሚስለው ማን ነው? ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። ሜሳ-ዩቲልስ የተባለውን ፓኬጅ ከጫኑ በኋላ ጂ፣ ኤል፣ ኤክስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ ብለው ይጻፉ፤ ክፍተት፣ ሰረዝና ትልቁን ቢ ያስከትሉ። «ሬንደረር» በሚለው መስመር ላይ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ የሚል ስም ካለ ግራፊክሱ ሥራውን እየሠራ ነው። «ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ» የሚል ካለ ግን ግራፊክሱ ተኝቷል፤ እያንዳንዱን ነጥብ የሚስለው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ፋኑ የሚያጓራው፣ መስኮቱ የሚጎተተው ለዚህ ነው። ሊነክስ ሚንት ሲነሳ «በሶፍትዌር ሬንደሪንግ እየሠራሁ ነው» የሚል ማሳሰቢያ የሚያወጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ከሜሞሪ ማነስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ለዚህ ከሚታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው «ኖሞድሴት» የተባለች አንዲት ቃል ናት። ሊነክስ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር እንዳይሆን «ሴፍ ግራፊክስ» ወይም «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ ይህች ቃል በመነሻው ትእዛዝ ውስጥ ተጽፋ ትቀራለች። ትርጉሟ «ከርነል ሆይ፣ ግራፊክሱን አትንካ» ማለት ነው። ለመሞከር ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የግራብ ዝርዝር ላይ የኢ ቁልፍን ተጭኖ ቃሏን ማጥፋትና በኤፍ 10 ማስነሳት ነው። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ካልተሳካ ዳግም ማስነሳት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ከተሳካ ግን ኢቲሲ በሚለው ማኅደር፣ ዲፎልት በሚለው ስር ካለው ግራብ ከተባለው ፋይል ቃሏን አውጥቶ አፕዴት-ግራብ የተባለውን ትእዛዝ ማስኬድ ይበቃል። «አብቅቶለታል» የተባለ ኮምፒዩተር በአንዲት ቃል መሰረዝ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ሲስተሙ ምን ያህል ራም ያያል? ኤፍ፣ አር፣ ኢ፣ ኢ፤ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤች። «ቶታል» በሚለው ስር የሚታየው በግድግዳው ከታጠረው የተረፈው ነው። 4 ጊጋባይት የተገዛ ኮምፒዩተር ወደ 3.7 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ወደ 2.9 ከወረደ 1 ጊጋባይት ያህል ታጥሯል ማለት ነው። «አቬይለብል» የሚለው ቁጥር ብዙ የብራውዘር ገጾች ሲከፈቱ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ የሚያንሰው የግራፊክስ ሜሞሪ ሳይሆን ራሙ ራሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ለግራፊክስ የታጠረው ስንት ነው? ግራፊክሱ የኤኤምዲ ከሆነ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ፤ ክፍተት፤ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚለው ትእዛዝ ከሚያወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ «ቪራም» እና «ጂቲቲ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ግድግዳውን፣ ሁለተኛው መጋረጃው የሚደርስበትን ወሰን ይነግረናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሳት ይገባል። ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የተባለው ትእዛዝ በዝርዝር ሲጠየቅ ከግራፊክሱ ስር «ሳይዝ 256 ሜጋ» የሚል ያሳያል። ይህን አይቶ «ካርዴ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው ያለው» ማለት በበር ስፋት የአዳራሹን ስፋት መለካት ነው። ያ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክስ ሜሞሪው የሚመለከትበት መስኮት ስፋት እንጂ የሜሞሪው መጠን አይደለም።

አራተኛ፦ ግድግዳውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል? የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለመቀነስ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው የኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ታጥሮ ከተገኘ ወደ 256 ወይም 512 ሜጋባይት ማውረድ ለሌላው ሥራ የሚሆን ሜሞሪ ይመልሳል። ማስፋት የሚያስፈልገው የተወሰነ የግራፊክስ ሜሞሪ ካላየ አልነሳም ለሚል ጨዋታ ወይም ፕሮግራም ነው፤ ያም ራሙ 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሲሆን። የኢንቴሉን አለመንካት ይሻላል፤ ራሱ እንደ ፍላጎቱ ይወስዳል። ወደ ባዮስ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ኤፍ 2ን፣ ኤፍ 10ን ወይም ዲሊትን በመጫን ነው። ማንኛውንም ነገር ከመቀየር በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ብልህነት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ አምራቹ ይህን ማስተካከያ ደብቆታል። ያ ሲሆን መተው ነው፤ እሱን ለማስገኘት ሲባል ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ ባዮስ መጫን ኮምፒዩተሩን በእርግጥ ሊገድለው ይችላል።

ሜሞሪ ሳይሆኑ ሜሞሪ የሚመስሉ ችግሮች

ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ቪዲዮ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮ የሚልከው ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በተባሉ አዳዲስ አጠቃቀሎች ነው። የቆዩ ግራፊክሶች እነዚህን የሚፈታ ክፍል ስለሌላቸው ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ቢከፍቱ የአጠቃቀሉን ስምና የወደቁትን ምስሎች ብዛት ያሳያል። ጥራቱን ወደ 720 ወይም 480 ማውረድ፣ ወይም ዩቲዩብ ኤች 264 በተባለው የቆየ አጠቃቀል እንዲልክ የሚያስገድድ የብራውዘር ተጨማሪ መጫን ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። የቅዳሴውን ስርጭት ለሚከታተሉ እናት ይህ ከአዲስ ኮምፒዩተር ይበልጣል።

አማርኛው በሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲታይም ግራፊክስ ካርዱ የሚወቀስበት ጊዜ አለ። ይህ የፎንት ጉዳይ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በነጻ መጫን ሳጥኖቹን ወደ ፊደል ይመልሳቸዋል።

ራሱን የቻለ የኤንቪዲያ ካርድ ያለበት ኮምፒዩተር ደግሞ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። በእነዚህ ላይ ሜሞሪው የካርዱ ነው፤ ከራም አይካፈልም። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ድራይቨሩ ነው። ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር ብዙዎቹን የቆዩ ካርዶች በሙሉ ፍጥነታቸው ማሠራት አይችልም። የኩባንያው ድራይቨር ደግሞ የቆዩ ካርዶችን በየጊዜው ከዝርዝሩ እያወጣ ነው። ሴክዩር ቡት ሲበራም ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይነሳ ይከለክላል።

በእርግጥ የተበላሸ ካርድ የለም ማለቴ አይደለም። ምልክቱ ግን ይለያል። ገና የአምራቹ አርማ ሲመጣ ጀምሮ፣ ማለትም ሊነክስም ሆነ ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች ወይም የተሰባበሩ ምስሎች ካሉ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ የስክሪኑ ኬብል ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስክሪን አገናኝቶ ማየት ይገባል። አርማው ጥርት ብሎ ታይቶ ችግሩ ኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ከመጣል በፊት የሶፍትዌሩ ወገን ይመርመር።

ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገም በቅደም ተከተል ይሁን። የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ካለ በኤስኤስዲ መተካት ከሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ ራም ነው። ግራፊክሱ ከራም የሚካፈል ስለሆነ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ቁራጭ ከመሰካት ሁለት ባለ 4 መሰካት ይሻላል፤ ሁለት መንገድ ተከፍቶለት መረጃው በፍጥነት ይመላለሳልና። ግራፊክስ ካርድ መግዛት በመጨረሻ የሚታሰብ ነው፤ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይማ ጨርሶ አይቻልም።

የጋራ ጉዳይ ነው

በኮሎራዶ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ኮምፒዩተርን ከቆሻሻ ጋር መጣል የተከለከለ ነው። በ2024 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የጸናው የመጠገን መብት ሕግ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለግል ጠጋኞች እንዲሰጡ ያዛል። ሕጉ እያንዳንዱን አሮጌ ኮምፒዩተር ባይመለከትም መንፈሱ ግልጽ ነው፤ የገዛኸውን ዕቃ የመክፈት፣ የመረዳትና የመጠገን መብት አለህ ይላል። ዳሩ ግን መብት ያለ እውቀት ምን ይሠራል?

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ኮምፒዩተር የሚያውቅ የአገር ልጅ አላጣንም። የጠፋው እውቀቱ በቋንቋችን ተጽፎ፣ በሥርዓት ተዘርግቶ የሚገኝበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛው የማያስቸግረው ወጣት ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ እናቱ ግን የተነገራቸውን አምነው ይከፍላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ የመስጊዱ ክፍል፣ የመረዳጃ ማኅበሩ ቢሮ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ቢከፈት ምን ይጎድልብናል? ሁለት ሦስት ወጣቶች ከየኪሳቸው አንዳንድ ፍላሽ ይዘው ቢቀመጡ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን አራት ጥያቄዎች እየጠየቁ ስንቱን ኮምፒዩተር ከጋራዥ ማውጣት ይችላሉ? ከዚያ የተረፈውን ኮምፒዩተር ለሌለው አዲስ መጪ ቤተሰብ መስጠት ይቻላል።

ለመኪናችን የምናደርገውን ያህል ለኮምፒዩተራችንም እናድርግ። ቁጥር ከመቀየር በፊት እንጠይቅ፤ ከመግዛት በፊት እንመርምር፤ የምናውቀውንም ለማያውቀው በገባው ቋንቋ እናስረዳ።

ቸር ይግጠመን።